«የእኛ ልጅ ነው፣ ዝም በዪ» ለተባልሽው

ጅማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ተደፍረው ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ያዘገያቸው ሁልጊዜ የደፋሪው ዛቻ አይደለም። «ልጁ የእኛው ብሔር ነው፤ እኛ እዚህ አገር ጥቂት ነን፤ ገመናችንን ለሌላ ብሔር አሳልፈሽ አትስጪ» የሚል የገዛ ቤተሰባቸው ቃልም ነው።

እህቴ፣ ልናገር አልናገር የሚለውን ዛሬ መወሰን የለብሽም። ሰውነትሽ ግን አይጠብቅም፤ መጀመሪያ ጤና ተቋም ሂጂ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ 28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ከቻልሽ ሳትታጠቢ ነይ። ለብሰሽው የነበረውን ልብስ አትጠቢው፤ በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢው። ፌስታል ውስጥ ከሆነ ያልበዋል፣ ማስረጃው ይበላሻል። ታጥበሽ ከሆነም ነይ። አርግዘሽ ከተገኘሽ ሕጉ ጽንሱን በጤና ተቋም ማቋረጥ ይፈቅድልሻል፤ መደፈርሽን ለማስረዳት የራስሽ ቃል ይበቃል።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። የእድር ዳኛ፣ አንዳንዴም የንስሐ አባት፤ ካሣና ይቅርታ፣ ባስ ሲልም ጋብቻ ይዘው። ብቻሽን አትቀመጪ፤ የምታምኚያት አክስት ወይም ጎረቤት አጠገብሽ ትሁን። «ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ይህን ጉዳይ ግን እዚህ አልነጋገርበትም» ካልሽ በቂ ነው። ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ እርቅ አያሰርዘውም። በጋብቻ ከቅጣት ማምለጥም በድሮው ሕግ የነበረ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው ሕግ አስቀርቶታል።

የቤተሰብሽን ፍርሃት አልንቅም። ሰው በብሔሩ ሲፈናቀል ያየ ቤተሰብ ስለ ወገኑ ስም ቢሰጋ አልፈርድበትም። ግን ያን ስም ያጎደፈው ደፋሪው ሆኖ ሳለ ዕዳውን ለምን አንቺ ትከፍያለሽ? ይህ የእኛ ብቻ ጣጣም አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. አኒታ ሂል የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጨው ጥቁሩ ክላረንስ ቶማስ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ እንዳደረሰባት ለሴኔት መሰከረች። እሱ ክሱን ካደ፤ በጥቁሮች ላይ ከሚፈጸመው የመንጋ ግድያ ጋርም አመሳሰለው። ከገዛ ወገኗ ብዙዎች ከዳተኛ አሏት። እሱ 52 ለ48 በሆነ ድምፅ ተሾመ። እሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም፤ ከእሷ በኋላ ብዙ ሴቶች አፋቸውን ፈቱ።

ለመናገር ከወሰንሽ ከፌስቡክ በፊት ፖሊስ ጋ ሂጂ። ያለ ክስ የደፋሪውን ስም ብትለጥፊ በስም ማጥፋት ሊከስሽ ይችላል፤ ብሔር ቆጥረው የሚሳደቡ ሰዎችም ጉዳይሽን ነጥቀው የራሳቸው ጠብ ያደርጉታል። ሴት መርማሪ እንድትቀበልሽ ጠይቂ። እዚህ ጅማ ቃልሽ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን ለገበያ ያህል ብቻ የምትችዪ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመጣልሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። አስተርጓሚው የእሱ ዘመድ ወይም የእድራችሁ ሰው አይሁን። ከመፈረምሽ በፊት አንድ በአንድ ይነበብልሽ፤ የተለዘበ ወይም የተዘለለ ነገር ካለ አስተካክሉልኝ በዪ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ችሎቱ በዝግ እንዲታይልሽ ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድመሽ ንገሪው።