የሊኑክስ ከርነል ስትራክት ሲያብጥ፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ምልክት፦ ስትራክቱ (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ ላይ የሚይዝ የሲ ቋንቋ መዋቅር) የአባላቱ ድምር ከሚሰጠው በላይ ይሰፋል።

በ64 ቢት ማሽን ላይ ቻር (1 ባይት)፣ ፖይንተር (8)፣ ኢንት (4)፣ ፖይንተር (8)፣ ሾርት (2) በዚህ ተራ የገቡበትን ስትራክት ውሰዱ። ዳታው 23 ባይት ነው፤ መጠን የሚለካው ሳይዝኦፍ ግን 40 ይላል። ፖይንተር ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ መቀመጥ ስላለበት ኮምፓይለሩ ከቻሩ በኋላ 7፣ ከኢንቱ በኋላ 4፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 6 ባይት ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። ሲ የአባላትን ተራ መቀየር ስለማይፈቅድለት ማስተካከሉ የእናንተ ሥራ ነው።

ከርነሉን ከዲበግ መረጃ ጋር ኮምፓይል አድርጉና ፓሆል የተባለውን የስትራክት መመርመሪያ መሣሪያ የስትራክቱን ስም ሰጥታችሁ አስኪዱት፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከነመጠኑ ያወጣላችኋል። ከዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ፦ ሁለቱ ፖይንተሮች፣ ኢንት፣ ሾርት፣ ቻር። መጠኑ 24 ይሆናል። የከርነሉን ሜሞሪ በተወሰኑ መጠኖች ብቻ የሚያድለው ኬማሎክ ለ40 ባይት 64፣ ለ24 ባይት 32 ስለሚሰጥ ግማሹ ይተርፋል። ከ248 ወደ 200 ማውረድ ግን፣ ስትራክቱ የራሱ ስላብ ካሽ (ለእሱ መጠን ብቻ የተዘጋጀ የሜሞሪ ክምችት) ከሌለው፣ ከንቱ ልፋት ነው፤ ሁለቱም 256 ይወስዳሉ። ፓክድ (ኮምፓይለሩ ቀዳዳ እንዳይተው የሚያዝ ምልክት) ለጥፎ መገላገልም አያዋጣም፤ እሱ ቅርጹን ሃርድዌር ወይም ፕሮቶኮል ለወሰነበት ቦታ ነው።

ምልክት፦ ስትራክቱ አነሰ፣ ፍጥነቱም አብሮ ወረደ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ተራ አንድ ሲፒዩ ደጋግሞ የሚጽፍበትን ቆጣሪ፣ ሌሎቹ ሁሉ ከሚያነቡት ፖይንተር ጋር አንድ የ64 ባይት ካሽ ላይን (ሲፒዩ ሜሞሪን በአንዴ የሚያመጣበት ቁራጭ) ውስጥ ከትቶታል። ቆጣሪው በተጻፈ ቁጥር የሌሎቹ ሲፒዩዎች ቅጂ ይሻራል፤ ፖይንተሩን ባይነካም እንደገና ማምጣት ግድ ይሆንባቸዋል። ሲፒዩዎች በካሽ ላይን የሚሻሙበትን ቦታ በሚያሳየው በፐርፍ ሲቱሲ መዝግቡ፤ ሂትም (ሌላ ሲፒዩ የቀየረውን ላይን የማንበብ ክስተት) የበዛበት ላይን ተጠርጣሪው እሱ ነው። የሚጻፈውን ወደ ሌላ ላይን አውጡ፣ አብረው የሚነበቡትን አጎራብቱ። ቀዳዳ ቢፈጠርም ይፈጠር። በሊኑክስ 6.8 የኔትወርክ ዋና ዋና ስትራክቶች የተደራጁት በዚሁ መንገድ ነው፤ አባላቱ የተቧደኑት በመላኪያና በመቀበያ መንገድ ላይ በሚነበቡበትና በሚጻፉበት ሁኔታ እንጂ በመጠናቸው አይደለም።

ምልክት፦ ኬምሳን (ያልተሞላ ሜሞሪ መጠቀምን የሚያጋልጥ የከርነል መመርመሪያ) የከርነል መረጃ ወደ ዩዘር ስፔስ (ተራ ፕሮግራሞች ወደሚሠሩበት ሜሞሪ) ሾለከ ይላል።

አባላቱን አንድ በአንድ ሞልታችሁ ስትራክቱን በሙሉ ስትቀዱ ቀዳዳው ውስጥ የቀረው አሮጌ ሜሞሪ አብሮ ወጥቷል። ከመሙላታችሁ በፊት በሜምሴት ዜሮ አድርጉት። ወደ ዩዘር ስፔስ የሚቀዳ ስትራክት ተራ ግን አንዴ ከተለቀቀ በኋላ አትንኩ፤ ቀድመው ኮምፓይል የሆኑ ፕሮግራሞች አባላቱን የሚፈልጉት በድሮ ቦታቸው ነው።