ጡረታ ስትወጡ እግራችሁ ሥራ እንዳይፈታ

የሠራሁት ባሕር ዳር፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ፈረቃውን ሙሉ በማሽኖቹ መሀል ስንመላለስ ስፖርት ነው ያለን የለም። 60 ሲሞላ ታዲያ ያ ሁሉ እርምጃ ከደመወዙ ጋር አብሮ ይቀራል። ቢሮ ተቀምጦ የኖረ ሰው ግን እንዲያውም ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራችሁ ምን ያህል ያንቀሳቅሳችሁ እንደነበር አስቡ። የምትተኩት እሱን ነው።

የመነሻ ሰዓታችሁን አትቀይሩ። ለሥራ በምትነሱበት ሰዓት ተነስታችሁ ውጡ፤ እዚህ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አይቻልም። እኔ ከጊዮርጊስ ተነስቼ በጣና ዳር እሄዳለሁ። ፍጥነቱ ወሬ የሚያስቀጥል፣ ዘፈን ግን የማያስዘፍን ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ለ5 ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ጓደኛ ያዙ። ሰው እየጠበቀህ መቅረት ያሳፍራላ! ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌትም ጥሩ ነው፤ ባጃጆቹን ብቻ ተጠንቀቁ።

እርምጃ ብቻውን አይበቃም። 65 ያለፋችሁ ጡንቻና ሚዛን የሚያጠነክር ነገር በሳምንት 3 ቀን ጨምሩ። በእጃችሁ ሳትደገፉ ከወንበር ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ድገሙት። ግድግዳ ይዛችሁ በአንድ እግር ቁሙ። ዝናብ ያገዳችሁ ቀን ይሄ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ቤዛዊት ኮረብታን ጉልበቱ የማያመው ይውጣ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ስትሄዱ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወዲያው ቁሙና ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።