ጅማ ዙሪያ ዓሣ ስታጠምዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ዙሪያ ውሃ ሞልቷል። በአሰንዳቦ በኩል የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። በቦንጋ መንገድ ጎጀብ፣ በአጋሮ በኩል ዴዴሳ፣ ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ደግሞ የቦዬ ረግረግ። እንዲያም ሆኖ እሁድ ጠዋት ዘንግ ይዞ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን መመለሱ የተለመደ ነው። «ዛሬ ዓሣ የለም» ይላል። ዓሣውማ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠን መንጠቆው ገና ውሃ ሳይነካ ነው። ዓመታት በእነዚህ ውሃዎች ዳር ስመላለስ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ውሃው ጋ እንደደረሱ ዘው ማለት

ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው። ሰው ከሞተር ሳይክሉ ይወርድና እያወራ፣ እየሳቀ ሄዶ ውሃው አፋፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ክሩን ወደ መሃል ይወረውራል። ጠዋት ላይ ግን ዓሣው የነበረው እግሩ ሥር ነው። አሁን ሄዷል።

ቆሮሶ፣ ባለሙያዎች ቲላፒያ የሚሉት፣ ዳር ይወዳል። ፀሐይ የሚያሞቀው፣ አረንጓዴ አልጌ የሚበቅልበት፣ ሣር ውሃ ውስጥ የገባበት ቦታ ምግቡ ነው። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረውም እዚያው ነው። ውሃው ጠራ ሲል መሬቱ ላይ ሰሐን የሚያካክሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ታያላችሁ። ዓሣ ደግሞ ከጎኑ በኩል ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። የእግራችሁን ኮቴ በመሬቱና በውሃው በኩል ይሰማዋል። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈም አሞራ የመጣ ያህል ይሸሻል።

ስለዚህ ከውሃው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ፀሐይዋን ፊት ለፊታችሁ አድርጉ፣ ጥላችሁ ከኋላችሁ ይውደቅ። ዝም ብላችሁ እዩ። አረፋ የሚወጣበት አለ? ሣሩ ነፋስ ሳይኖር የሚንቀሳቀስበት አለ? የመጀመሪያውን ክር የምትጥሉት ከዳሩ አንድ ሜትር ላይ ነው። ወደ መሃል የምትሄዱት ዳሩን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።

ጎጀብን የመሰለ ወንዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እዩ። ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ይረጋል። ነጭ ዓሣ፣ ባለሙያዎች ባርበስ የሚሉት፣ እዚያ የረጋው ውስጥ ቆሞ ፈጣኑ ውሃ የሚያመጣለትን ይለቅማል። ኃይሉን አያባክንም። ክራችሁን ከድንጋዩ በላይ ጣሉትና ወንዙ ራሱ ያድርስላችሁ።

ግድቡ ላይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ውሃው መብራት ያመነጫል፣ ስለዚህ ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ በበጋው እየጎደለ ይሄዳል። በጥቅምት ዓሣ ያገኛችሁበት ቦታ በሚያዝያ ደረቅ ጭቃ ሊሆን ይችላል። «የኔ ቦታ» ብሎ መድረቅ እዚህ አይሠራም። ይልቅ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ሂዱና የተጋለጠውን መሬት እዩ። ጉቶው የት ነው? ጉድጓዱ የት ነው? ያኔ ያያችሁት ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ይጠቅማችኋል።

ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ይይዛል ብሎ ማሰብ

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝነውም ቢሆን አፉ ጠባብ ነው። ትልቅ መንጠቆ ላይ ትሉን ዙሪያውን ለቅሞ ለቅሞ ይበላና መንጠቆውን ትቶላችሁ ይሄዳል። ሱቅ ስትገቡ የመንጠቆ ቁጥር በተቃራኒው እንደሚሄድ አስታውሱ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ ለነጭ ዓሣ 4 ወይም 6 ይበቃል። ለአምባዛ፣ ለባለ ጢሙ ዓሣ፣ ብቻ ነው 1/0 እና ከዚያ በላይ የምትገዙት፤ /0 ያለባቸው ቁጥሮች ግን ሲጨምሩ መንጠቆው ይተልቃል። አፉ ሰፊ ነው፣ የሚበላውም ውጦ ነው።

ክሩም እንደዚሁ። ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን ከበቂ በላይ ነው። ወፍራም ክር የሚታይ ብቻ ሳይሆን ምግቡን ደርቆ እንዲንጠለጠል ያደርገዋል፣ ዓሣውም ይጠረጥራል። ለአምባዛና ለጎጀብ ግን 0.35 ያዙ።

ገንዘብ ካጠራችሁ የመጀመሪያው ብር ለዘንግ አይደለም። ከጥሩ መንጠቆና ከአዲስ ክር ይጀምሩ የሚለው ምክሬ ብዙ ሰው ቅር ያሰኛል፣ እኔ ግን አልለውጠውም። ርካሽ ተጣጣፊ ዘንግ ገጣጥሙ ውስጥ አሸዋ ሲገባበት ተጣብቆ ይቀራል። ደህና ቀርከሃ ግን ከክሩ ጋር ይታጠፋል፣ የዓሣውን ጉተታ ይቀበላል። ናይለን ደግሞ ፀሐይ ያደርቀዋል። ከዓመት በላይ የቆየውን በእጃችሁ ጎትታችሁ ፈትኑት። ከተበጠሰ በእናንተ እጅ መበጠሱ ይሻላል።

ደረቅ ቋጠሮ

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ብዙ ትልልቅ ዓሣ የሚያመልጠው በዚህች ነገር ነውና። ብዙ ሰው መንጠቆ የሚያስረው እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው። ናይለን ግን የሚያዳልጥ ነገር ነው፣ ተራ ቋጠሮ ይፈታበታል።

እንዲህ አድርጉ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉ። ጫፉን ወደ ኋላ አምጥታችሁ በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት። ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት። አሁን ሳታጠብቁ ቁሙ። ቋጠሮውን በምራቅ ወይም በውሃ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቃል፣ ሙቀቱ እዚያችው ቦታ ላይ ያዳክመዋል። ካረጠባችሁት በኋላ ዋናውን ክር በዝግታ ሳቡ። ጥምጥሙ አንዱ በሌላው ጎን ተራ ይዞ ይተኛል። አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ቁረጡና እንደገና ጀምሩ። የተረፈውን ጫፍ ሙልጭ አድርጋችሁ አትቁረጡ፣ ትንሽ ይቅር።

በዚሁ አጋጣሚ፣ እርሳስ ክብደት ክሩ ላይ ስታስሩ በጥርሳችሁ አትንከሱ። እርሳስ መርዝ ነው። ፒንሳ ያዙ፣ ከሌለ አሮጌ ካንዴላ እሰሩበት።

ለሁሉም ዓሣ ትል

ትል ጥሩ ነው። ከበረት ጎን ከበሰበሰ እበት ሥር የሚወጣው ቀጭን ቀይ ትል ለቆሮሶም ለነጭ ዓሣም ይሆናል። ችግሩ ሰው ከትል ውጪ ሌላ አለማሰቡ ነው።

ቆሮሶ በተፈጥሮው አልጌ በላ ነው፣ ሊጥ ይወዳል። የስንዴ ዱቄቱን ደረቅ አድርጋችሁ አቡኩትና ከውስጡ ትንሽ ጥጥ ፈትላችሁ ቀላቅሉበት። ጥጡ ሊጡን መንጠቆው ላይ ይዞ ያቆየዋል። ከአተር ፍሬ አታስበልጡት። ለነጭ ዓሣ ደግሞ የበቆሎ ንፍሮ ሞክሩ። አገሩ የበቆሎ አገር ነው፣ ማሳው እስከ ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ ዓሣው ፍሬውን ያውቀዋል። ዝናብ ሲጀምር ክንፍ ያወጣ ምስጥ ውሃ ላይ የሚረግፍባቸው ቀናት አሉ። ያን ቀን ሌላ ነገር ይዛችሁ አትልፉ፣ ያንኑ ምስጥ ለቅማችሁ ስቀሉ።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። የሚያድነው በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በማሽተት ነው፣ ሥራውም ይበልጥ ማታ ነው። የሚሸት ነገር ስጡት፦ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የዓሣ ቁራጭ። መሬት ላይ አስቀምጡለት፣ እንዲንሳፈፍ አታድርጉ።

ዓሣ ለመሰብሰብ ፉርሽካ በውሃ ለውሶ መበተን ይሠራል። ግን እፍኝ ብቻ። ጆንያ ሙሉ ከደፋችሁ ዓሣው ጠግቦ ይሄዳል፣ የናንተን ሊጥ ዞር ብሎ አያየውም።

ቡሹ እንደተነቃነቀ መንጭቆ መሳብ

ቆሮሶ መጀመሪያ ይነካካል። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ቁጭ ብድግ ይላል። ሰው ልቡ ይዘልና ይመነጭቃል፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። ጠብቁ። ቡሹ በአንድ አቅጣጫ መንሸራተት ሲጀምር ወይም ሲሰምጥ የእጃችሁን አንጓ ብቻ ቀና አድርጉ። ይበቃል። ከአፉ ለስላሳ ነገር ነው የምትይዙት፣ ጥርስ የምትነቅሉ አይደለም። አምባዛን ደግሞ ክሩን ይዞ ትንሽ ይሂድ፣ ከዚያ ያዙት።

ሪል፣ ማለትም ክር መጠቅለያ፣ ያላችሁ ፍሬኑን አጥብቃችሁ አትቆልፉ። ክሩን በእጃችሁ ስትጎትቱ ከመበጠሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከአቅሙ ሲሶ አካባቢ ላይ መልቀቅ አለበት። ነጭ ዓሣ መጀመሪያ የሚሮጠው ሩጫ ኃይለኛ ነው። ይሩጥ። ሲደክም ትመልሱታላችሁ።

ክረምት ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን ዓሣ መዝጋት

ነጭ ዓሣ ወንዙ ሲሞላ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት ወራት፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ላይ ይወጣል። ገባሮቹ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ያኔ ለመያዝ ቀላል ነው፣ ፈተናውም ትልቅ ነው። እባካችሁ ተዉት። ጣና ላይ የሆነውን እናውቃለን። በወንዞቹ አፍ ላይ ለመራባት የተሰበሰበው ነጭ ዓሣ በመረብ እየታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። እንቁላል የያዘች አንዲት ዓሣ ስትወጣ የምታጡት አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ቆሮሶም ላይ እንዲሁ ነው፣ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። ስትያዝ ትተፋቸዋለች። ዳሩ ላይ ጎጆ ካያችሁ ቦታ ቀይሩ።

ከዚህ የከፋው ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ለቡናችን ጥላ ነው፣ ምንም ጥፋት የለበትም። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ግን ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል። ትልቁም፣ የጥፍር ያህል የሆነውም፣ ዓሣው የሚበላው ነፍሳትም አብሮ ያልቃል። የሚለቀመው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው ታች ላይ ይበሰብሳል። ይሄ ማጥመድ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ለቀበሌው ተናገሩ።

ውሃውን መናቅ

ቦዬ ጉማሬ አለ፣ ጊቤም አለ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። እኛ ዳሩ ላይ የምንደርሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። መንገዱ ይታወቃል። ሁለት ጎን የተረገጠ፣ መሃሉ ከፍ ያለ ጎዳና ሣሩን ሰንጥቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ አትቀመጡ። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ነው የሚጎዳው።

ጎጀብ ላይ ሰማዩ ከላያችሁ ጥርት ብሎም ላይኛው አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው መደፍረስና ቅጠል መሸከም ከጀመረ ወዲያው ውጡ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሲያጉረመርምም ዘንግ ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ክልክል ይሁንባችሁ።

ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆምም ተዉ። በአካባቢያችን ቢልሃርዚያ አለ፣ ትሉ የሚወጣው ሣራም ዳር ላይ ካሉት ቀንድ አውጣዎች ነው። ቦቲ ጫማ ግዙ። ግድቡ ዳር ለምታመሹ ደግሞ ወባውን አትርሱ፣ እጅጌ ሙሉ ልበሱ።

ዓሣውን ፌስታል ውስጥ ማፈን

የለፋችሁበትን ዓሣ በጥቁር ፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ጅማ ሳትደርሱ ይበላሻል። የምትይዙትን ወዲያው ራሱን መትታችሁ ግደሉት። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ያጣጥራል፣ እንደዚያ አትተዉት። ስትይዙት የጎን ክንፎቹ ላይ ያለው እሾህ እጅ ይቀዳል፣ ከእሾሁ በስተኋላ ጨብጡት።

ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጡ። በመጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ከዚያ በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ እርጥብ ጆንያ ውስጥ አስገቡትና ጥላ ሥር አንጠልጥሉት። ጆንያው ሲደርቅ ውሃ አርከፍክፉበት። ነፋሱ እርጥበቱን ሲወስድ ዓሣውን ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ማግኘት ለማይቻልበት መንገድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ልትለቁት ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩት። ገላው ላይ ያለው የሚያዳልጥ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው፣ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ከከተማው በታች ከአወይቱ የወጣ ዓሣ ግን ልቀቁት እንጂ አትብሉት። ያ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው።