በጥፍር ስር ያለ ግሎመስ እጢ፦ ሕመሙን ለዓመታት የሚያራዝሙ ስህተቶች

ግሎመስ እጢ ብዙም የማያጋጥም፣ ካንሰር ያልሆነ የቆዳ እጢ ነው። በአብዛኛው የሚወጣው በእጅ ጣት ጥፍር ስር ነው። በቀላል ቀዶ ጥገና የሚድን ሆኖ ሳለ ብዙዎች ሳይታወቅላቸው ዓመታት ይሰቃያሉ።

«ምንም አይታይም» ብሎ ማለፍ። እጢው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሴንቲሜትር ስለሚያንስ እብጠት ላይኖረው ይችላል። ዋናው ምልክት የሕመሙ ጠባይ ነው፦ ድንገት ይቀሰቀሳል፣ አንዲት ነጥብ ሲነካ ያስጮኻል፣ በቅዝቃዜ ይብሳል። በስፒል ድቡልቡል ጫፍ ጥፍሩን ቦታ እየቀያየሩ ቀስ ብለው ይጫኑ። ነጥቡ ላይ ሲደርሱ ታካሚው እጁን መንጭቆ ይወስዳል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ምንም አይለውም። ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠምጥመው ከላይኛው የግፊት ቁጥሩ አሳልፈው ይንፉና ያንኑ ነጥብ ይጫኑ። ሕመሙ ጠፍቶ፣ አየሩ ሲለቀቅ ከተመለሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥፍሩ ላይ ሰማያዊ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ፣ አለዚያም በቁመቱ የወረደ ስንጥቅ ካለ ደግሞ በጥሩ ብርሃን ይፈልጉ።

እንደ ኢንፌክሽን ማከም። መግልም ትኩሳትም በሌለበት አንቲባዮቲክ መደጋገም አይረዳም። ጥፍሩን ብቻ መንቀልም እጢውን እዚያው ይተወዋል።

በንጹህ ራጅ መዘናጋት። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ እጢው አጥንቱን ካላጎደጎደው ምንም አይታይም። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በጣም ትንሹን ሊስት ይችላል። ምልክቶቹ ተሟልተው ሳለ «ጭንቀት ነው» ብሎ ታካሚውን መመለስ ከሁሉም የከፋ ጥፋት ነው።

እጢውን አስተርፎ ማውጣት። እጢው ተመልሶ የሚመጣበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ነጥቡ ከማደንዘዣው በፊት ምልክት ይደረግበት፤ ጣቱ ከደነዘዘ በኋላ ታካሚው ሊያሳይ አይችልም። ደም ቦታውን እንዳይሸፍን የጣቱ ሥር ይታሰራል፤ እጢው ከነሽፋኑ ይወጣል፤ ከጥፍሩ ስር ያለው ሥጋም በቀጭን ክር ይሰፋል፣ አለዚያ ጥፍሩ ተጣሞ ይበቅላል። ማሰሪያው በፋሻ ስር ከተረሳ ጣቱን ሊያሳጣ ስለሚችል መፈታቱ ሳይረጋገጥ አይሸፈን።

የወጣውን አለማስመርመር። ሜላኖማም (አደገኛ የቆዳ ካንሰር) ጥፍር ስር ይወጣልና ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ይላክ። እጢው በብዙ ጣቶች ላይ ከታየ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 የተባለው የዘረመል በሽታ ሊኖር ስለሚችል ቆዳው ላይ ጠፍጣፋ ቡናማ ምልክቶች ይፈለጉ።