መኪናውን ከምጣዱ ለዩት፦ የኤሌክትሪክ መኪና ሶኬት በቤት ውስጥ እንዴት ይገጠማል? ሲበላሽስ?

ባለፈው ክረምት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ጎረቤቴ ደወሉልኝ። "መኪናዋ ቻርጅ አልቀበል አለች፣ ና እስቲ እያት" አሉ። ሄድኩ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። የጓዳውን ሶኬት ፈትቼ ሳወጣው ግን ነጩ ፕላስቲክ ከኋላው ቡና መስሏል። የአንደኛው ሽቦ ልባስ ቀልጦ ብሎኑ ላይ ተጣብቋል፤ መዳቡም ጠቁሯል።

"ጋሼ፣ ይሄ የምጣድ ሶኬት አይደል እንዴ?"

"ነው። አሥር ዓመት ሙሉ እንጀራ ሲጋገርበት እኮ ምንም አልሆነም!"

እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ምጣድ ከመኪና ቻርጀር የበለጠ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ 2,200 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ምጣዱ በሳምንት ሁለቴ ለሁለት ሰዓት ይሠራና ይቀዘቅዛል። መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፣ ነገም እንደዚያው። ትንሽ የላላ ብሎን ለሁለት ሰዓት ይችለዋል። ለአሥር ሰዓት አይችለውም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የዚህ ዓይነት ጥሪ በዝቶብኛል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የብሬከር ሳጥን የሚከፍተው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። የታሸገውን ቆጣሪና ከእሱ በፊት ያለውን መስመር ደግሞ ማንም አይንካ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ካልሆነ በቀር። እናንተ ይህን አንብባችሁ ሠሪውን መጠየቅና መቆጣጠር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡ

የቻርጀሩን ሳጥን ገልብጡና የተጻፈውን አንብቡ። 8፣ 10፣ 13 ወይም 16 አምፔር ይላል። አንዳንዱ በቁልፍ ይቀያየራል። ከዚያ የቤቱን ዋና ብሬከር እዩ። ምጣዱ 17 አምፔር፣ መኪናው 16 አምፔር ቢስቡ አንድ ላይ 33 ነው። ዋናው ብሬከር 32 ከሆነ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ሳይጨመር ሞልቷል። ያኔ ምርጫችሁ ሁለት ነው፦ ወይ በተራ መጠቀም፣ ወይ ኃይል እንዲጨመርላችሁ ማመልከት። እኔ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን እመክራለሁ።

ብዙ ሰው "10 አምፔር መቼ ይሞላልኛል?" ይላል። የቢዋይዲ ሲጋልን ትልቁን ባትሪ እንውሰድ፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ የሚባክነውን ቀንሰን ከግማሽ እስከ ሙሉ አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ትነሳላችሁ። የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ወጥታችሁ አዲስ አበባ ልትገቡ ካልሆነ በቀር በየቀኑ ግማሽ ባትሪ ማን ይጨርሳል?

ሽቦው

የኛ አገር ግቢ አሠራሩ ይታወቃል። ቆጣሪው ፊት ለፊት፣ ማዕድ ቤቱ ከኋላ፣ መኪናው በሩ ሥር። ሽቦው 30 ወይም 40 ሜትር መሄዱ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ባለ 2.5 ሽቦ (ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር) አትዘርጉ። በ40 ሜትር ርቀት፣ በ16 አምፔር 11 ቮልት ይበላባችኋል። ባለ 4 ሽቦ 7 ቮልት ይበላል፣ ባለ 6 ደግሞ ከ5 ያነሰ። አመሻሽ ላይ ቮልቱ ራሱ ወርዶ በሚያድር ሰፈር ይህ ልዩነት ቻርጀሩ መሥራትና አለመሥራቱን ይወስናል። እኔ ከ20 ሜትር በላይ ከሆነ ባለ 6 እዘረጋለሁ። ነገ ትልቅ ቻርጀር ብትገጥሙም ቆፍራችሁ አታወጡትም።

ስትገዙ ልባሱ ላይ የታተመውን ብቻ አትመኑ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለባለሱቁ መልሱለት።

መስመሩ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል። መሃል ላይ ቅጥያ የለም፣ ሌላ ሶኬት የለም፣ አምፖል የለም። የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለ16 አምፔር ቻርጀር ባለ 20 ብሬከር በባለ 4 ወይም በባለ 6 ሽቦ ጥሩ ነው።

ከብሬከሩ ጋር 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ይገጠማል። ይህ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ መስመሩን ቆርጦ የሚጥል ዕቃ ነው። ዓይነቱን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ አንድ ሞገድ ብቻ የተሳለበት "ኤሲ" ዓይነት ነው፣ ለመኪና አይሆንም። ሞገዱና ከሥሩ የተቆራረጡ ጉብታዎች ያሉበት "ኤ" ዓይነት ነው፤ ቢያንስ እሱን ጠይቁ። የመኪና ቻርጀር ችግር ሲገጥመው የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ተራውን አርሲዲ ሊያሳውረው ይችላል፤ መቁረጥ ሲገባው ዝም ይላል።

ግራውንድ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው

ቻርጀሩ ሲሰካ መጀመሪያ የሚፈትሸው ግራውንድ (የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) አለ ወይ የሚለውን ነው። ከሌለ ቀይ ያበራል። እኛ ጋ ደግሞ ግራውንድ የሌለው ቤት ስንት ነው! ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ቦታ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረም።

አሁን "ቀላል መላ" የሚሏት ነገር አለች። ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት። ቻርጀሩ አረንጓዴ ያበራል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሠሪው ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ በነፋስ ይበጠሳል፣ ወይም አንድ ሠሪ ሽቦዎቹን ያቀያይራቸዋል። ያን ጊዜ 220 ቮልት የመኪናው ቆርቆሮ ላይ ይወጣል። ጠዋት ከዝናብ በኋላ፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍተው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ሲሠራ ያያችሁትን ሰው ሥራውን አስቁሙት።

ትክክለኛው መንገድ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ነው፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር። እርጥበት የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። የልብስ ማጠቢያ ውኃ የሚደፋበት ጥግ ካለ እሱ ምርጥ ነው። ሽቦውን በራሱ ክላምፕ አጥብቁት፣ መጠምዘዝ አይበቃም። ሠሪው ደግሞ በግራውንድ መለኪያ ይለካው። በክረምት አረንጓዴ ሲያበራ የከረመ ቻርጀር መጋቢት ላይ ቀይ ቢያበራ አትገረሙ። መሬቱ ደርቆ ነው። አንድ ባልዲ ውኃ ዘንጉ ሥር አፍስሱና ሞክሩት። ከሠራ ምክንያቱን አገኛችሁ፤ ሁለተኛ ዘንግ ያስፈልጋችኋል።

ሶኬቱ

ከቻይና የመጣ መኪና ቻርጀሩ ጠፍጣፋ ሦስት እግር አለው። የኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ ነው። ሰው መርካቶ የምትሸጠውን ትንሽ አዳፕተር ይሰካና ይገላገላል። ያቺ አዳፕተር የስልክ ናት። ለሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር አልተሠራችም። ያየኋቸው የቀለጡ ሶኬቶች ግማሾቹ ላይ እሷ አለች። ዲቫይደርም ያው ነው።

የቻርጀሩን እግር ቆርጦ ሌላ መግጠም ደግሞ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዱ እግር ውስጥ የሙቀት መለኪያ ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሲቆረጥ ቻርጀሩ አልሠራም ይላል። የሚሻለው ለቻርጀሩ እግር የሚሆን ባለ 16 አምፔር ሶኬት ፈልጎ ግድግዳው ላይ መግጠም ነው።

ግድግዳችሁ ጭቃ ከሆነ ሶኬቱን በቀጥታ አትምቱበት። በሰካችሁና በነቀላችሁ ቁጥር ይነቃነቃል፣ ብሎኑ ይላላል። መጀመሪያ ወፍራም ጣውላ ግጠሙና እሱ ላይ ይሁን። ከቤት ውጭ ከሆነ ክዳን ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ይሁን። የቆርቆሮው ጠፈጠፍ የሚወርድበትን መስመርም ሽሹ። የቻርጀሩ ሳጥን በሶኬቱ ላይ እንዳይንጠለጠል አንድ ኩላብ ምቱለት።

ሙከራ

መጀመሪያ ምንም ሳይሰካ ቮልቱን ለኩ፤ 222 አለ እንበል። መኪናውን ስኩና እንደገና ለኩ። 215 ከሆነ ደህና ነው። ከ10 ቮልት በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ የላላ ወይም የቀጠነ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መዳፋችሁን ሶኬቱ ፊት ላይ አሳርፉ። ለብ ቢል ችግር የለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ። ከሳምንት በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ በቴስተር አረጋግጣችሁ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ።

አልሠራም ሲል

ወዲያው ቀይ ካበራ ግራውንድ ነው፣ ወይም ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ተቀያይረዋል። ሶኬቱ ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ እግሩን ገልብጣችሁ ስኩት። አንዳንዱ ቻርጀር በዚህ ብቻ ይታረቃል።

ጀምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካቆመ ሙቀት ወይም ቮልት ነው። ሶኬቱን ዳስሱ። ካልሞቀ ቮልቱን ለኩ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት እሳት ላይ ነው፤ የፋሲካ ዋዜማማ አይነሳ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ሞክሩት፣ ወይም አምፔሩን ዝቅ አድርጉ። ከ16 ወደ 8 ብታወርዱት የላላው ቦታ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። መፍትሔ ግን አይደለም፤ እስኪጠገን መሸጋገሪያ ነው።

አርሲዲው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጥል ከሆነ ውኃ የገባበት ቦታ ፈልጉ። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የሠራሁት የመኪና መስመር ላይ ሽቦ አጥሮኝ መሃል ላይ ቀጠልኩና በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ኮንዱቱ (ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥም ደበቅኩት። ሐምሌ ላይ በየማታው ይጥል ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቻርጀሩን ስጠረጥር ቆየሁ። የባለቤቱን ገንዘብ መለስኩ፣ ሽቦውንም በራሴ ወጪ ቀየርኩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ መኪናው ካልቀጠለ ንቀሉና እንደገና ስኩት። በነጎድጓድ ጊዜ ግን ብሬከሩን ማጥፋት ይሻላል፤ መብራቱ ከመጣ በኋላም አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በጄኔሬተር ሞክራችሁ ቀይ ካበራ ደግሞ መኪናው አልተበላሸም። የብዙ ትናንሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራል ከግራውንድ ጋር አልተያያዘም፣ ቻርጀሩም ያንን ግራውንድ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

የጋሼን ቤት ባለ 6 ሽቦ ዘርግቼ ጨረስኩ። ብሬከሮቹ እንዳይምታቱ ሳጥኑ ላይ በማርከር "ምጣድ" እና "መኪና" ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ብሎን ላጠብቅ ስመለስ እትዬ ከ"መኪና" ሥር በራሳቸው እጅ ጨምረውበታል፦ "እንጀራው ካለቀ በኋላ"።