የፋብሪካ ፕሪሚየም አምፕሊፋየርና ስፒከር በመኪና ላይ ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ዓይነት ሞዴል መኪና ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው በሁለት ዓይነት የድምፅ ሥርዓት ነው። በተራው ላይ ራዲዮው ራሱ ጥቂት ስፒከሮችን በቀጥታ ያሠራል፤ በፕሪሚየሙ ላይ ደግሞ የታወቀ የድምፅ ኩባንያ ስም የተጻፈባቸው በርከት ያሉ ስፒከሮች፣ ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ በኩል ከተቀመጠ የተለየ አምፕሊፋየር (የድምፁን ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ጋር ይገኛሉ። ተራውን የገዛ ሰው፣ በግጭት ከተጎዳ ተመሳሳይ መኪና ላይ የተፈታውን ፕሪሚየም ዕቃ ገዝቶ በራሱ መኪና ላይ ቢያስገጥም፣ የውስጡን ገጽታ ሳያበላሽ የተሻለ ድምፅ አገኛለሁ ብሎ ማሰቡ አይፈረድበትም። ሥራው ይቻላል። ነገር ግን ራዲዮው፣ አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሮቹ፣ ገመዱና ሶፍትዌሩ አንዱ ለሌላው ተለክተው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ ከመግዛት ነው።

ስፒከሮቹን ብቻ ቀይሮ አምፕሊፋየሩን መተው

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ይህ ነው። የፕሪሚየሙ ስፒከር በተራው ቦታ ላይ ልክ ይገባል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ይገጥማሉ፣ አንዳንዴም ሶኬቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት ስለሚሆን ሥራው ያለቀ ይመስላል። ሆኖም የተራው ስፒከር ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን) አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ሲሆን፣ የፕሪሚየሙ ግን ብዙ ጊዜ 2 ኦም፣ አልፎ አልፎም ከዚያ ያነሰ ነው። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ሬዚስታንሱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለ4 ኦም ታስቦ የተሠራው የራዲዮው ትንሽ የማጉያ ቺፕ ከአቅሙ በላይ ይግላል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንዲያውም ጎላ ብሎ ስለሚሰማ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ቆይቶ ግን ድምፁ ከፍ በተደረገ ቁጥር መቆራረጥ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ራዲዮው ጭራሹን ዝም ይላል።

ስፒከሩን ከመግጠም በፊት በቴስተር መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ፤ 0.3 ካሳየ ይህ የቴስተሩ የራሱ ገመድ ሬዚስታንስ ስለሆነ ከሚቀጥለው ንባብ ይቀነሳል። ከዚያ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ሲለኩ 2.1 ቢነበብ፣ ትክክለኛው 1.8 ስለሆነ ስፒከሩ 2 ኦም የሚባለው ዓይነት ነው፤ በቴስተር የሚለካው ሬዚስታንስ በስፒከሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነውና። ኮንደንሰር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) አብሮት የተገጠመ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ግን በዚህ መንገድ ሲለካ ምንም ንባብ ስለማይሰጥ፣ ተቃጥሏል ብሎ ለመጣል አይቸኩሉ።

አምፕሊፋየሩ ምን ዓይነት ሲግናል እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ መግዛት

ከራዲዮ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ሲግናል በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ አምፕሊፋየር ለስፒከር የተዘጋጀውን ጎላ ያለ ሲግናል ይቀበላል፤ ሌላው ገና ያልጎላውን ደካማ ሲግናል ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ድምፁን የሚቀበለው በዲጂታል መንገድ ብቻ ነው። ለምሳሌ በእ.ኤ.አ. 2001 በቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ላይ ሥራ የጀመረውና ከዚያ በኋላ በበርካታ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የተስፋፋው ሞስት የሚባለው ሥርዓት፣ ድምፁን በብርሃን መልክ በፕላስቲክ ፋይበር ውስጥ ያስተላልፋል። መሣሪያዎቹ በቀለበት መልክ ስለተያያዙ፣ ከመካከላቸው የአንዱ መስመር ቢቋረጥ መላው ሥርዓት ይቆማል። ፋይበሩ እንደ መዳብ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ የሚቀጠል አይደለም፤ ከ25 ሚሊሜትር ሬዲየስ በጠበበ ሁኔታ ከታጠፈም ብርሃኑ ይዳከማል። ስለዚህ ራዲዮው የፋይበር መውጫ ከሌለው፣ አምፕሊፋየሩ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ከነራዲዮው ካልተገዛ በስተቀር አይጠቅምም።

የፓርት ቁጥሩን በግምት ማለፍ

ሁለት አምፕሊፋየሮች በውጭ አይተው የማይለዩ፣ የኩባንያው አርማም አንድ ሆኖ፣ ልዩነታቸው በፓርት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ልትሆን ትችላለች። ያቺ ፊደል ግን አንደኛው ለአጭር ሃችባክ ሌላው ለረጅም ስቴሽን ዋገን የተስተካከለ መሆኑን ልታመለክት ትችላለች። አምፕሊፋየሩ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያስተካክለው በዚያ መኪና ውስጥ ባለው መስታወት፣ ወንበርና ጣሪያ ልክ ስለሆነ፣ ሌላ መኪና ላይ ሲገባ ይሠራል፤ ግን ቤዙ ይጎረብጣል ወይም የዘፋኙ ድምፅ ከአንድ ጎን ይመጣል።

ኮዲንጉን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር

ዘመናዊ መኪና የተገጠመለትን ዕቃ ዝርዝር በኮምፒውተሩ ይዟል፤ ኮዲንግ ማለት ይህን ዝርዝር ከአዲሱ ዕቃ ጋር ማስማማት ነው። ዝርዝሩ ላይ ተራ የድምፅ ሥርዓት ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ፣ ራዲዮው ሲግናሉን ወደ አዲሱ አምፕሊፋየር ላይልክ፣ አምፕሊፋየሩም ላይነቃ ይችላል። በአንዳንድ አምራቾች መኪኖች ላይ ደግሞ ዕቃው ከመጀመሪያው መኪና ጋር በሶፍትዌር ቁልፍ የታሰረ ስለሆነ፣ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር በአምራቹ ሰርቨር በኩል እስኪፈታ ድረስ ዝም ይላል። ይህን የሚሠራ ባለሙያ መኖሩን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

ገመዱን ቆርጦ በተራው መስመር ላይ መቀጠል

በተራው ሥርዓት ወደ አንድ በር የሚገባው አንድ ጥንድ ገመድ ብቻ ሲሆን፣ ትዊተሩም ከትልቁ ስፒከር ጋር በኮንደንሰር በኩል ተያይዞ ከዚያው ይጋራል። ፕሪሚየሙ አምፕሊፋየር ግን ብዙ ጊዜ ለትዊተሩና ለትልቁ ስፒከር የተለያየ መውጫ አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ የሚለየውም ራሱ ነው። አንድ ሰው የትዊተሩን ገመድ በስህተት ከትልቁ ስፒከር መውጫ ላይ ቢያገናኝ፣ ትዊተሩን ከቤዝ የሚጠብቀው ኮንደንሰር ስለሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለሆነም ዕቃውን ሲገዙ ገመዱ ከሶኬቶቹ ጋር ሳይቆረጥ እንዲፈታልዎ ይጠይቁ፤ ቆርጦ የሚሸጥ ሻጭ ግማሹን ሥራ አብሮ ቆርጦ ጥሎታል ማለት ነው። በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ሁለተኛውን ጥንድ ገመድ ማሳለፍ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ከጎማው ውጭ የተላለፈ ገመድ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተፋተገ ስለሚላጥ አቋራጭ መንገድ የለውም።

ኤሌክትሪኩን ከቅርብ ካለ ገመድ መውሰድ

አምፕሊፋየሩ የራሱ ከረንት ያስፈልገዋል። የራዲዮው መስመር ብዙ ጊዜ በ10 ወይም 15 አምፔር ፊውዝ የሚጠበቅ ሲሆን፣ የፕሪሚየም አምፕሊፋየር ፊውዝ ግን 25 ወይም 30 አምፔር ሆኖ ይገኛል። ፊውዙ ሲቃጠልበት በትልቅ ፊውዝ የሚተካ ሰው ትልቅ አደጋ ይጋብዛል፤ ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ፣ ቀጭን ገመድ በትልቅ ፊውዝ ከተያዘ ከፊውዙ በፊት ገመዱ ራሱ ይቀልጣል። ትክክለኛው አሠራር ከባትሪ ወይም ከዋናው የፊውዝ ሣጥን ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ገመድ ማምጣትና ፊውዙን ከመነሻው አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

ግራውንዱም (ከረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ገመድ) እንዲሁ ቀለሙ ተፍቆ በነጣ ብረት ላይ፣ ከተቻለም ፋብሪካው ባዘጋጀው የግራውንድ ብሎን ላይ ይታሰር። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ለዚህ አይነካም። ጥራቱን ለማረጋገጥ ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ላይ አድርገው ቮልት ይለኩ፤ ግማሽ ቮልት የሚያህል ንባብ ካገኙ ግንኙነቱ ደካማ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚጨምር ፉጨት ከስፒከር ውስጥ ሲሰማም መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ግራውንድ ነው።

አምፕሊፋየሩ የሚነቃበትን መስመር ከባትሪ ጋር በቋሚነት ማገናኘት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ቆሞም 0.5 አምፔር የሚወስድ አምፕሊፋየር በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ በዚህ ስሌት የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል፤ መኪናው መነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ነው።

በሩን ከፍቶ እንደነበረ አለመዝጋት

የበሩ ፓኔል ሲነሣ ከሥሩ በሚያጣብቅ ማስቲሽ የተለጠፈ ቀጭን ፕላስቲክ ወይም ፎም ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ለአቧራ የተደረገ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ማስቲሹ ሲላቀቅብኝ በተራ ናስትሮ ለጥፌ ዘጋሁት፤ ዝናብ ሲመጣ ከመስታወቱ ጎን ወደ በሩ የሚወርደው ውኃ በታችኛው ቀዳዳ መውጣቱን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ ምንጣፉም ራሰ። መሽተት ሲጀምር ነው የገባኝ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ጉዳዩ ከምንጣፍም ያልፋል፤ የጎን ግጭትን የሚለየው ሴንሰር በበሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ስለሚለካ፣ ያልታሸገ ቀዳዳ ወይም ለትልቅ ስፒከር ተብሎ የተቆረጠ ብረት የኤርባጉን ሥራ ሊያዛባ ይችላል።

በጎን ምሰሶዎችና በወንበሮች ሥር ለሚያልፉ የኤርባግ ገመዶችም እንዲሁ መጠንቀቅ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሶኬት አላቸው፤ በቴስተር አይለኩም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀልና የአምራቹ መመሪያ የሚያዘው ጊዜ ይጠበቅ።

ሁሉንም ዘግቶ ከዚያ መሞከር

ፓኔሎቹ ከመታሰራቸው በፊት መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ ከስፒከሩ ማግኔት ጋር አለመጋጨቱ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም አለመገለባበጣቸው ይታይ፤ የተገለበጠ ስፒከር ድምፅ ያወጣል፣ ግን ከጓደኛው ጋር ሲሠራ ቤዙ ይጠፋል። ከሙዚቃው ሌላ የስልክ ጥሪ፣ የናቪጌሽን ድምፅ፣ የኋላ ማርሽ ሴንሰርና የቀበቶ ማስጠንቀቂያ አንድ በአንድ ይሞከሩ፤ በብዙ መኪኖች ላይ እነዚህም የሚመጡት በዚያው አምፕሊፋየር በኩል ነውና። የሞተር ጩኸትን በተቃራኒ ድምፅ የሚያጠፋ ሥርዓት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አስነሥተው፣ ሙዚቃውን አጥፍተው፣ በተለያየ ፍጥነት ይንዱት፤ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ሥርዓቱ ለቀድሞዎቹ ስፒከሮች እንደተስተካከለ ስለቀረ፣ ኮዲንጉ ሳይታረም ፓኔሉ አይዘጋ።