መብራት ሲመጣ ፊውዝ የሚበላ አምፕሊፋየር፦ የ220 መስመር ካፓሲተር ችግርና መፍትሄ

ሶኬቱን፣ ገመዱንና ማብሪያ ማጥፊያውን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር። የማወራው ከመሰኪያው እስከ ትራንስፎርመሩ ስላሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ብቻ ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሲከፈት የተቃጠለ ይሸታል

ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። በፌዝ (በነዛሪው መስመር) እና በኒውትራል (በመመለሻው) መካከል የገባው ካፓሲተር የቦታው አይደለም። ከእኔ በፊት የነካው ሰው 400 ወይም 630 ቮልት የሚል አይቶ «ከ220 ይበልጣል፣ ይችላል» ብሎ በይዶታል። ያ ቁጥር ግን የዲሲ ነው፤ እንደ ባትሪ አቅጣጫ ለማይቀይር ኤሌክትሪክ ማለት ነው። የቤታችን 220 ግን ኤሲ ነው፦ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል። የዲሲው ዕቃ ውስጡ በሙቀትና በጥቃቅን ብልጭታ ቀስ በቀስ ያልቃል። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ይመጣል። ለቅጽበት ከሺህ ቮልት የሚያልፍ ግፊት መስመሩ ላይ ሊፈጠር ይችላል፣ እሱ ይጨርሰዋል።

የአንድ አዳራሽ አምፕ ስከፍት የካፓሲተሩ ቅርፊት ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ ያለው የቦርድ መስመር ከሰል ሆኗል። «630» የምትለዋ ጽሑፍ ግን ቁልጭ ብላ ትነበባለች። ይባስ ብሎ ፊውዙ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ባለቤቱን ስጠይቀው «ፊውዝ እየበላ አስቸገረኛ» አለኝ። ፊውዙማ ሥራውን እየሠራ ነበር! ሽቦ ካሰራችሁበት በእሱ ፈንታ የሚነደው ቦርዱ ነው፣ ቀጥሎ መጋረጃው።

መፍትሄ፦ ላዩ ላይ ኤክስ2 (X2፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል እንዲገባ የተሠራ ዓይነት) የሚል፣ 275 ወይም 310 ቮልት ኤሲ የሆነ ግዙ። ይሄ በ2.5 ኪሎቮልት ግፊት የሚፈተን፣ ልባሱም እሳት እንዳያዛምት ተደርጎ የተሠራ ነው። መጠኑ የነበረው ይሁን፤ 0.1 ማይክሮፋራድ ከነበረ 0.1። «ትልቅ ካደረግኩት ድምፁ ይጠራል» የሚለውን ተዉት።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ጽሑፉን በእርጥብ ጣት እሹት። ከለቀቀ መልሱለት። እውነቱን ለመናገር ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ኤክስ2 ከማይታወቅ አዲስ ይሻለኛል። ግን ለኩት። 0.1 ተብሎ 0.06 ካነበበ ጣሉት። በአሮጌ የውጭ ዕቃዎች ላይ ያሉት ቢጫ፣ ብርሃን አስተላላፊ የወረቀት ካፓሲተሮች ሰውነታቸው ከተሰነጣጠቀ እስኪጨሱ አትጠብቁ። ጣሳ የሚመስለው ኤሌክትሮላይቲክ እዚህ ቦታ አይታሰብም፤ ይፈነዳል።

ምልክት፦ ፍሪጅ ሲነሳ ስፒከሩ «ጠቅ» ይላል

ኤክስ2ው አቅሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለኩት፣ ከወረደ ቀይሩት።

ምልክት፦ ከተነቀለ በኋላ የመሰኪያው እግር ይነዝራል

ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ የሚያፈሰው ሬዚስተር ተበጥሷል፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። ለ0.47 ማይክሮፋራድ ሁለት ባለ 330 ኪሎኦም በተከታታይ አድርጋችሁ ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን በይዱ። ሁለት ያልኩት ትንሿ ሬዚስተር ብቻዋን የ220ን ጫፍ ስለማትችል ነው።

ምልክት፦ የአምፑን ብረት ሲነኩ ይወረራል

ብዙ ቤት የሶኬቱ ግራውንድ ለይምሰል ነው። ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረቱ የሚሄዱት ሁለት ዋይ (Y) ካፓሲተሮች መሬት ሲያጡ ብረቱን ወደ 110 ቮልት ያነሱታል። በ2.2 ናኖፋራድ የሚያልፈው 0.15 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ይወርራል እንጂ አይገድልም። መፍትሄው ግራውንድ ማስገባት ነው። ካፓሲተሮቹ ዋይ2 መሆናቸውንም አረጋግጡ።

አደገኛው ግን ሌላ ነው። እዚህ ቦታ 0.1 ማይክሮፋራድ የበየደ አይቻለሁ። በሰውነት ወደ 7 ሚሊአምፔር ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ያ ካፓሲተር ሾርት ካደረገ ደግሞ ብረቱ ራሱ ፌዝ ይሆናል፣ ማይክ የያዘው ሰው ነው የሚያገኘው። ዋይ በኤክስ ቦታ ቢገባ ግድ የለም። ኤክስ በዋይ ቦታ ግን በጭራሽ።